ገጸ ባሕሪውን የገደለው ደራሲው ነው ወይስ ሒሳብ ሹሙ?

ሜክሲኮ አካባቢ፣ ከኮሜርስ በር አንሥቶ እስከ ዋቢ ሸበሌ ሆቴል ባሉት ቡና ቤቶች ጎራ ያለ ሰው፣ የእንግሊዝ ኳስ ሲያልቅ የሚጀመረው ክርክር የፊልም እንደሆነ ሳይታዘብ አይቀርም። አንዱ ‹‹አይረን ማን መሞት አልነበረበትም፣ ታሪኩን አበላሹት›› ይላል። ሌላው ቀበል አድርጎ ‹‹ባይሞት ኖሮ ያን ሁሉ ሚሊዮን ዶላር በየፊልሙ ከየት እያመጡ ይከፍሉት ነበር?›› ይለዋል። ማዶ ያለው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የአገራችን ተከታታይ ድራማ ተይዟል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ‹‹አሜሪካ ሄደች›› ተብላ ከታሪኩ የጠፋችው ገጸ ባሕሪ ነገር አልዋጥ ብሏቸዋል። ‹‹ደራሲው ሰነፍ ነው›› የሚል አለ። ‹‹ደራሲው ምን ያድርግ? ልጅቷ ጭማሪ ጠይቃ ነው›› የሚልም አለ።

ጤፍና ሲሚንቶ በሚወራበት የገበያ ገጽ ላይ የፊልም ወሬ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ቢኖር አንቀየመውም። ነገሩ ግን ከሲሚንቶው የራቀ አይደለም። ተመልካች ስለ ድርሰት የሚጨቃጨቅ ይመስለዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጨቃጨቀው ግን ዓይቶት ስለማያውቀው አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የተዋናዩ ውል ነው። ውሉ በደንብ የተጻፈ እንደሆነ ታሪኩ በደራሲው እጅ ይቆያል። ውሉ የላላ ወይም ጭራሹን የሌለ እንደሆነ ግን ብዕሩ ከደራሲው እጅ ወጥቶ ሒሳብ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። የዚህን ኪሣራ በመጨረሻ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ዝቅ ብለን እናየዋለን።

አስቀድመን የሰው አገሩን እንይ። የሕዋ ላይ ጦርነት የሚተርከው ‹‹ስታር ዋርስ›› እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ወጣ። (ከዚህ በኋላ የውጭ አገሩን ዘመን በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ እንጠራለን።) በ1980 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ሃን ሶሎ የተባለው ተወዳጅ ገጸ ባሕሪ ከነነፍሱ እንደ ድንጋይ እንዲደርቅ ተደርጎ ዕዳ ወዳለበት አበዳሪው ይላካል፤ ፊልሙም መፍትሔ ሳይሰጠው ያበቃል። ተመልካች ሦስት ዓመት ሙሉ ‹‹ይሞታል ወይስ ይድናል?›› እያለ ሲከራከር ከረመ። የድርሰት ጥበብ ነው ተብሎም ተደነቀ። ከጥበቡ በስተጀርባ ግን አንድ ተራ ጉዳይ ነበረ፤ ተዋናዩ ሃሪሰን ፎርድ ለሦስተኛው ፊልም ገና አልፈረመም። ጓደኞቹ ማርክ ሃሚልና ካሪ ፊሸር አስቀድመው ፈርመዋል፤ እሱ አልፈረመም። ስለዚህ ገጸ ባሕሪውን ሞተም ዳነም ሳይባል በይደር አስቀመጡት። ተዋናዩ ቢመጣ ይቀልጣል፤ ባይመጣ እንደደረቀ ይቀራል።

ፎርድ መጣ። የሚገርመው፣ እሱ ራሱ በሦስተኛው ፊልም ሶሎ እንዲሞት ይፈልግ ነበር። የታሪኩ ባለቤት ጆርጅ ሉካስ እምቢ አለ። ሶሎ የሞተው በ2015 በወጣው ፊልም ነው። ያን ጊዜም አፍቃሪዎቹ ‹‹ለምን ገደላችሁት?›› ብለው ተቆጡ፤ ባለ ጉዳዩ ተዋናይ ከ30 ዓመት በላይ ሲጠይቀው የኖረ ጉዳይ መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል።

የዚያው ፊልም ሌላ ታሪክ አለ፤ ለእኛ ጉዳይ የበለጠ የሚጠቅመውም እሱ ነው። እንግሊዛዊው አንጋፋ ተዋናይ አሌክ ጊነስ ሽማግሌውን ኦቢ ዋን ኬኖቢን ሆኖ ሲጫወት፣ ከደመወዙ ሌላ ከትርፉ 2 ከመቶ ያህል እንዲደርሰው ተዋውሎ ነበር። የተጻፈለትን ንግግር አልወደደውም። ገጸ ባሕሪው በመጀመሪያው ፊልም ላይ እንዲሞት ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ ሲልም በስተርጅና ተናግሯል። ሽማግሌው ሞተ፤ ድርሻው ግን አልሞተም። ጊነስ በ2000 እስካረፈ ድረስ ከዚያ ፊልም ገንዘብ ሲደርሰው ኖሯል። ሉካስም ቢሆን የዋዛ ነጋዴ አልነበረም። ለመጀመሪያው ፊልም የዳይሬክተርነት ክፍያውን በ150,000 ዶላር ትቶ፣ በጭማሪ ፈንታ የተከታይ ፊልሞቹንና የመጫወቻ ዕቃዎቹን መብት ለራሱ አስቀረ። ሀብቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። ‹‹ስታር ትሬክ›› ውስጥ ስፖክን የሚጫወተው ሊዮናርድ ኒሞይ ወደ 1982ቱ ፊልም የተመለሰው ያማረ የአሟሟት ትዕይንት ይጻፍልሃል ተብሎ ነው። ወሬው ሲያፈተልክ አፍቃሪዎቹ በደብዳቤ አጥለቀለቋቸው። ስፖክ በ1984 በወጣው ፊልም ተነሣ፤ ያንን ፊልም ዳይሬክት ያደረገው ማን ነው? ኒሞይ ራሱ! ቢቢሲ በሚያሳየው ‹‹ዶክተር ሁ›› ደግሞ በ1966 ዋናው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው ሲታወክ፣ ገጸ ባሕሪው መልኩን እየለወጠ የሚኖር ፍጡር ነው ብለው ሌላ ተዋናይ ተኩበት። ዘዴው ዛሬም ድረስ እያገለገለ ነው። የቡና ቤቱ አይረን ማንም በ2008 ለመጀመሪያው ፊልም የተከፈለው 500,000 ዶላር ገደማ እንደሆነ ሲዘገብ፣ በ2012ቱ ‹‹አቬንጀርስ›› ከትርፍ ድርሻው ጋር 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማግኘቱ ተጽፏል። በመጀመሪያው ፊልም የጓደኛውን ቦታ የተጫወተው ቴሬንስ ሃዋርድ ግን በገንዘብ ሳይስማማ ቀርቶ በ2010 ዶን ቺድል ተተካበት።

እንግዲህ የሕዋ ፊልም ለውል ክርክር መሸሸጊያ ብዙ አለው። ያደርቃል፣ ያስነሣል፣ መልክ ይለውጣል። የእኛ ተከታታይ ድራማ ያለው ግን የመኪና አደጋና ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ ነው። የመርካቶ ነጋዴ ሆኖ የሚጫወት ሰው በአንድ ሌሊት መልኩ ተለወጠ ቢባል ማን ያምናል?

በነገራችን ላይ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም አገራችንን ጭራሽ አልረገጣትም ማለት አይደለም። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ዳይሬክት ያደረገው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት ‹‹ክራምብስ›› የተሰኘው ፊልም በ2015 ወጥቶ በውጭ የፊልም ፌስቲቫሎች ታይቷል። ዳሎል ላይ ጭምር የተቀረጸ ነው። ዓለም ከጠፋች በኋላ የልጆች የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ታቦት ዕቃ የሚከበርበት ዘመን ነው የሚያሳየው። ዋጋ ከየት ይመጣል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ጥሩ ፊልም ነው። ነገር ግን ተከታይ ክፍል እየተጨመረለት፣ ተዋናዩ በየዓመቱ ዋጋ እያነሣ፣ ሕዝቡ እየተከራከረ የሚሄድ ነገር ከተፈለገ የሚገኘው በቴሌቪዥን ድራማ ነው።

‹‹ገመና››፣ ‹‹ሰው ለሰው››፣ ‹‹ቤቶች››፣ ‹‹ዘመን››፣ ‹‹እረኛዬ›› ሲባል የማያውቅ የለም። አርቲስት አበበ ባልቻ በ‹‹ሰው ለሰው›› የተጫወቱት አስናቀ በየቤቱ እንደ ጎረቤት ሲታማ የነበረ ሰው ነው። አስናቀ ምን ይሆናል፣ ይያዛል ወይስ ያመልጣል የሚለው ጥያቄ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ይነሣ ነበር። አንድ ገጸ ባሕሪ እዚህ ደረጃ ሲደርስ በንግድ ቋንቋ ንብረት ሆነ ማለት ነው። ንብረትነቱ የማን ነው? የደራሲው? ገንዘቡን ያወጣው የፕሮዲዩሰሩ? የጣቢያው? ወይስ ፊቱንና ድምፁን የሰጠው ተዋናይ? ክርክሩ ሁሉ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። ውሉ ግን ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚዞር ለማያውቅ አንባቢ እንንገረው። ፕሮዲዩሰሩ አንዳንዴ የአየር ሰዓት ከጣቢያው ይገዛና ማስታወቂያውን ራሱ ሸጦ ወጪውን ያወጣል። አንዳንዴ የማስታወቂያውን ደቂቃ ከጣቢያው ጋር ይካፈላል። አንዳንዴም ጣቢያው በየክፍሉ ይከፍለዋል። በሦስቱም መንገድ ገበያ ላይ የሚወጣው ዕቃ ድራማው አይደለም፤ የተመልካቹ ዓይን ነው። ‹‹በነፃ እያየህ ምን ያማርርሃል?›› የሚለው መልስ ስለዚህ አያስኬድም። ተመልካቹ በሳምንት አንድ ሰዓቱን ሰጥቷል፤ ያ ሰዓት ለስፖንሰር ተሽጧል። የተሸጠ ሰው ጥቂት ቢያጉረመርም ምን ይገርማል?

ተዋናዩ በዚህ ሁሉ መካከል የሚከፈለው በአብዛኛው በክፍል ወይም በቀረጻ ቀን ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ሒሳቡን ለማሳየት ብቻ፣ አንዲት ተዋናይት በክፍል 6,000 ብር ተዋዋለች እንበል። ድራማው በዓመት 26 ክፍል ቢኖረው 156,000 ብር ሆነ። ብዙ ይመስላል። ለ12 ወር ሲካፈል ግን በወር 13,000 ብር ነው። ልብሱ፣ ፀጉሩ፣ ታክሲው ከራሷ ኪስ ከሆነ ከዚያም ይቀንሳል። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ በገጸ ባሕሪዋ ስም ይጠራታል፤ በሚኒባስ ተጋፍታ መሄድ ታፍራለች፤ ሰርግ ስትጠራ ከሌላው እንግዳ በላይ ስጦታ ይጠበቅባታል። ታዋቂነቷ ወጪዋን እንጂ ገቢዋን አላሳደገም። ድራማው በድጋሚ ሲታይና ኢንተርኔት ላይ ተጭኖ ዓመት ሙሉ ሲቆይ ደግሞ፣ ውሏ ስለዚያ ያለው ነገር ከሌለ፣ ያለባት እንደ ማንኛውም ተመልካች ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

ከዚያ ላይ ሐምሌ 2016 መጣ። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። ካሜራና መብራት አከራዩ ዋጋውን ወዲያው አስተካከለ። ነዳጁም፣ ምሳውም ጨመረ። ከሁለት ዓመት በፊት ‹‹በክፍል ይህን ያህል›› ብሎ የፈረመው ተዋናይ ግን በውሉ ውስጥ የማስተካከያ አንቀጽ ከሌለው የቀረው አማራጭ አንድ ነው፤ ቀረጻው መሃል ላይ ሲደርስ ‹‹ካልተጨመረልኝ አልመጣም›› ማለት። ፕሮዲዩሰሩም የቀረው አማራጭ አንድ ነው፤ ደራሲውን ጠርቶ ‹‹ይህን ሰው አውጣልኝ›› ማለት። በማግስቱ ገጸ ባሕሪው መኪና ይገጨዋል። እኛም ቡና ቤት ተቀምጠን የድርሰቱን ድክመት እንተነትናለን።

ለፕሮዲዩሰሩም ፍርድ አይጓደልበት። የፕሮዲዩሰር ብሶት ረጅም ነው፤ እውነትም አለው። ተዋናዩ ስም ሲያገኝ በሦስት ቦታ ይፈርማል፣ ከሦስቱም ቀብድ ይበላል፣ በቀረጻ ቀን ስልኩ ይዘጋል። ፂሙን ለሌላ ፊልም ተላጭቶ ይመጣና የትናንቱ ትዕይንት ከዛሬው አይገጥምም። ገበያውም ጠብቧል። ለብዙ ድራማና መዝናኛ ዝግጅት ደጋፊ የነበሩት ቢራ ፋብሪካዎች በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲታገድ በአንድ ጊዜ ወጡ። ከዚያ በፊት በ2008 ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ እየመለሰ ማሳየት ሲጀምር፣ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ያሰሙት ጩኸት የሚታወስ ነው።

በዚያ ጊዜ የተባለው ሁሉ ስለ ባህልና ስለ ካሜራ ጥራት ነበር። በእኛ አስተያየት ግን የተዘነጋ አንድ የገበያ ነገር አለ። የቱርኩ ድራማ እኛ ዘንድ ሲደርስ ተቀርጾ ያለቀ ነው። ጀግናው መሃል ላይ ተጣልቶ አይሄድም፤ እናትየዋ በሌላ ሴት አትተካም፤ መጨረሻው አስቀድሞ ይታወቃል። ተመልካቹ ለ100 ክፍል ልቡን ቢሰጥ እንደማይከዳ ያውቃል። የአገር ውስጡን ድራማ ሲጀምር ግን ይህ ዋስትና የለውም። ስለዚህ የተበለጥነው በሥዕል ጥራት ብቻ አይደለም፤ በታማኝነትም ነው። ታማኝነቱ ደግሞ የሚመጣው ከውል ነው።

አደባባዩ ራሱ ስሙን የተዋሰባት አገር ለዚህ ምስክር ናት። ሜክሲኮ ፋሽስት ጣሊያን አገራችንን ሲወር ወረራውን አልቀበልም ያለች ወዳጅ ናት፤ በዋና ከተማዋም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የምድር ባቡር ጣቢያ አላት። ያቺው ሜክሲኮ ከነዳጅና ከቢራ ሌላ ለዓለም የሸጠችው ነገር የቴሌቪዥን ድራማ ነው። በ1979 የወጣውና ቬሮኒካ ካስትሮ የተጫወተችበት ‹‹ሀብታሞችም ያለቅሳሉ›› ሶቪየት ኅብረት በፈረሰች ሰሞን ሩሲያን ከዳር እስከ ዳር ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጧል። የእነሱ ዘዴ ቀላል ነው። ድራማው መጨረሻ አለው፤ ሰርጉም ቅጣቱም አስቀድሞ ይታሰባል፤ ሰዎቹም የሚዋዋሉት ያንኑ ጉዞ ለመጨረስ ነው። የእኛ ድራማ ብዙ ጊዜ ስፖንሰር እስካለ ይቀጥላል፤ ስፖንሰር ሲጠፋ ይቆማል። መጨረሻ የሌለው ሥራ ላይ መጨረሻ ያለው ውል እንዴት ይጻፋል? ከዚህ አንጻር ‹‹እረኛዬ››ን የመሰሉ ሥራዎች በምዕራፍ እየተከፈሉ መቅረባቸው የሚመሰገን ነው። ምዕራፍ ሲያልቅ ውሉም ያልቃል፤ ለሚቀጥለው መደራደር የሚፈልግ ተዋናይ የሚደራደረው በዕረፍቱ ወራት ነው፤ በቀረጻው ማለዳ አይደለም።

አሁን ወደዚያ ወዳቆየነው ጥያቄ እንመለስ። የላላው ውል ኪሣራ በመጨረሻ የሚደርሰው ማን ላይ ነው?

ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በደንብ አስበንበት ግን አናውቅም። በየጊዜው አንድ የምናውቀው ፊት በቴሌቪዥን ይቀርባል። በዚህ ጊዜ የሚቀርበው ገጸ ባሕሪ ሆኖ አይደለም፤ ታሞ ነው። ኩላሊት ነው፣ ልብ ነው፣ ካንሰር ነው፤ ለሕክምና ውጭ አገር መሄድ አለበት ይባላል። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከሥር ይጻፋል። የሙያ ጓደኞቹ ይለምናሉ፣ ነጋዴው ይሰጣል፣ ጡረተኛው ከጡረታው ቆንጥሮ ይልካል፣ በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ‹‹በልጅነቴ አስቆኛል›› ብላ ትልካለች። ደግ ሕዝብ ነው። ግን የሒሳብ ነገር ሆኖ ሲታይ፣ ያ ገንዘብ ምንድን ነው? በጊዜው ያልተከፈለ ደመወዝ ነው። ማስታወቂያው የተሸጠበት፣ በድጋሚ የታየበት፣ ኢንተርኔት ላይ የተጫነበት ሥራ ያላስገኘለትን ነው ሕዝቡ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ በልመና መልክ የሚከፍለው። ተመልካቹ መጀመሪያ በጊዜው ከፈለ፤ ኋላ በኪሱ ይደግማል።

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ላይ ጥቂት በእግር የሄደ ሰው ብሔራዊ ቴአትርን ያገኛል። በ1948 የተመረቀ ቤት ነው። እዚያ ተቀጥሮ የሚጫወት ተዋናይ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው ብሎ ያማርራል፤ መብቱ ነው። ሆኖም ዓመት ፈቃድ አለው፣ ሲያረጅም ጡረታ አለው። በአንድ ምሽት በመቶዎች ለሚቆጠር ሰው የሚጫወተው ባለ ጡረታ ሲሆን፣ ለአገር ሁሉ የሚጫወተው የቴሌቪዥን ተዋናይ በየክፍሉ እጅ በእጅ እየተከፈለው ያለ ዋስትና ይኖራል። ይህ ነገር ማንንም ሳያስገርም ብዙ ዓመት ተቀምጧል።

‹‹ታዲያ ምን ይደረግ? እንደ ሆሊዉድ ሚሊዮን ይከፈል?›› ይባል ይሆናል። ማንም እንደዚያ አላለም። እዚህ የሚጠየቀው ውድ ነገር አይደለም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ለስንት ክፍልና እስከ መቼ እንደሆነ ይናገር። ዋጋው በምዕራፍ ይታደስ። ተዋናዩ መሃል ላይ ቢሄድ ምን እንደሚከፍል፣ ፕሮዲዩሰሩም ያለ ምክንያት ቢያስወጣው ምን እንደሚከፍል ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ግን የድጋሚ ስርጭትና የኢንተርኔት ገቢ ነገር ይነሣ። አሁንም ለምሳሌ ያህል፣ ከዚያ ገቢ 10 ከመቶው ለተዋንያኑ ቢመደብና ገቢው 1 ሚሊዮን ብር ቢሆን 100,000 ብር ነው፤ 10 ዋና ዋና ተዋንያን ቢካፈሉት ለያንዳንዳቸው 10,000 ብር ይደርሳቸዋል። ይህ ማንንም ሀብታም አያደርግም። ፕሮዲዩሰሩንም አያደኸየውም፤ ምክንያቱም ገቢ ካልመጣ አይከፍልም። የሚለውጠው ነገር ግን አለ። ድርሻ ያለው ተዋናይ ድራማው እንዲዘልቅ ይፈልጋል። ጊነስ ንግግሩን እየጠላ ፊልሙን ያልከዳው ለምን ይመስለናል?

የኢንተርኔቱ ነገር ቀላል እንዳይመስል። በ2021 ስካርሌት ዮሃንሰን ዲዝኒን የከሰሰችው ‹‹ብላክ ዊዶው›› የተባለው ፊልም በሲኒማ ቤት ብቻ ይታያል ተብሎ ተዋውላ ሳለ በዚያው ቀን በኩባንያው የኢንተርኔት ቻናልም ስለለቀቁት፣ ድርሻዬን አሳነሳችሁ ብላ ነው። በጥቂት ወር ውስጥ በስምምነት ጨረሱ። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር 118 ቀን ሥራ ያቆመው በአብዛኛው በዚሁ በኢንተርኔት ድጋሚ ክፍያና ፊታቸው በኮምፒውተር ተቀድቶ ያለ ፈቃዳቸው እንዳይሠራበት በመከራከር ነው። እነሱ ዘንድ ማኅበሩ ጠንካራ ነው፤ ዝቅተኛው ዋጋ በጋራ ስምምነት ይወሰናል። እኛ ዘንድ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ‹‹ከዋኝ›› ለሚለው ሰውም መብት አውቆለታል። በ2007 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያን በጋራ ለመሰብሰብ በር ከፍቷል። አዋጅ ግን በራሱ ሄዶ ውል አይጽፍም።

በዚህ ክርክር ውስጥ አንድ የማይመች ነገር አለ፤ እሱንም እንናገር። አይረን ማን ስንት ሊከፈለው ይገባ ነበር ብለው ከሚከራከሩት የቡና ቤት ልጆች አብዛኞቹ ፊልሙን ያዩት ‹‹ፊልም እንጭናለን›› ከሚለው ሱቅ በፍላሽ አስጭነው ነው። ከከፈሉት ብር አንድም ሳንቲም ሆሊዉድ አልደረሰም። ለፈረንጁ ግድ አይኖረን ይሆናል። የአማርኛው ፊልም ግን ከሲኒማ ወርዶ በሳምንቱ በዚያው ሱቅ ይጫናል። ‹‹ተዋናዩ ተበደለ›› ብሎ የሚጮኸው ሰውና ያለ ክፍያ የሚያስጭነው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው።

ቢሆንም ኃይሉ ያለው ከልጆቹ ዘንድ አይደለም፤ ከስፖንሰሩ ዘንድ ነው። ቢራው ከወጣ ወዲህ በድራማው መግቢያ ላይ ስማቸውን የምናነበው ባንኮች፣ የቤት ገንቢዎች፣ የሳሙናና የዘይት አስመጪዎች ናቸው። አንድ ባንክ ነጋዴ ብድር ሲጠይቀው ካርታ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ አንዳንዴም የሚስቱን ፊርማ ይጠይቃል። ዕቃው ከእጁ እንዳይወጣ ነው። ያው ባንክ ለዓመት ስፖንሰርነት ሲፈርም የሚገዛው ዕቃ ሕዝብ የወደዳቸውን አምስት ወይም ስድስት ፊቶች ነው። እነዚያ ፊቶች በሦስተኛው ወር መኪና ቢገጫቸው ወይም አሜሪካ ቢሄዱ የባንኩም ገንዘብ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ታዲያ ፕሮዲዩሰሩን ‹‹የዋና ዋና ተዋንያንህን የተፈረመ ውል ከማመልከቻህ ጋር አያይዘህ አምጣ›› ለማለት ምን ያግደዋል? አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው።